ሲጠግብ የሚዘጋው በር፣ የማይዘጋውም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችን ከኮሌስትሮል ጋር የምንተዋወቀው በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቅባት ቀንሱ" ይላል፤ ቤት ተገብቶ ቅቤው ይወቀሳል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። እኔ ዛሬ ስለ ቅቤ የምለው ጥቂት ነው። የማወራው ኮሌስትሮል ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋስ ስለሚገባበት መንገድ ነው። መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በር ሕዋሱ ሲጠግብ ይዘጋል። ሌላው አይዘጋም፤ ሕዋሱ እስኪወጠር ድረስ ያስገባል። የልብን ደም ቅዳ የሚያጠበው በሽታ፣ አተሮስክሌሮሲስ፣ የሚጀምረው የመጀመሪያው በር ሥራውን ሲያጓድልና ሁለተኛው ትርፉን ሲረከብ ነው። ደግሞ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ስሙ ያለ ልክ ስለጠፋ ስለ ኮሌስትሮል አንድ መልካም ነገር ልናገር። የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋን ያለ እሱ አይጸናም። ኮርቲሶል፣ ኤስትሮጅንና ቴስቶስተሮን የሚሠሩት ከእሱ ነው፤ ጉበትም ሐሞትን የሚያዘጋጀው ከእሱ ነው። ችግሩ በውኃ አለመሟሟቱ ነው፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚጓዘው ተጠቅልሎ ነው። ከጥቅሎቹ ዋነኛዋ ኤልዲኤል ትባላለች፤ በተለምዶ "መጥፎ ኮሌስትሮል" የምንላት። አንዲት የኤልዲኤል ቅንጣት ስፋቷ 22 ናኖሜትር ገደማ ነው። በሆዷ 1500 ያህል የኮሌስትሮል ኤስተር ሞለኪውሎች፣ ማለትም ለማከማቻ ከቅባት አሲድ ጋር የተጣበቀ ኮሌስትሮል፣ ይዛለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ አፖቢ-100 የሚባል፣ 4536 አሚኖ አሲዶች ያሉት ግዙፍ ፕሮቲን ጠምጥሟታል። ይህን ፕሮቲን አትርሱት፤ በሁለት ቦታ ይመጣል፤ በአንዱ ለበጎ፣ በሌላው ለክፉ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንሂድ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባል ወጣት ሐኪም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሲሠራ፣ ቤተሰባዊ ሃይፐርኮሌስትሮሌሚያ የሚባል የውርስ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት ያያል። ጤናማ ሕፃን በደሙ ያለው ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊተር በታች ነው። የእነዚህ ልጆች 1000 ይጠጋል። ክርናቸው፣ ጉልበታቸውና ቂጣቸው ላይ ቢጫ የቅባት እብጠት ይወጣል፤ የቋንጃቸው ጅማት ይደድራል። ሳይታከሙ ከቀሩ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም ይሞታሉ። አያጨሱም፣ ደም ግፊት የለባቸውም፣ ስኳር የለባቸውም፤ ልጆች ናቸው። ያላቸው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ኤልዲኤል። ኮሌስትሮል ለልብ ሕመም መንስኤ ነው ወይስ አጃቢ ብቻ እየተባለ በሚከራከርበት በዚያ ዘመን፣ የእነዚህ ልጆች ልብ መልሱን ሰጥቶ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሕመሙ እንዴት እንደሚወረስ ግልጽ ያደረገው የቤይሩቱ ሐኪም አቬዲስ ካቻዱሪያን ነው። በ1964 የሊባኖስ ቤተሰቦችን አጥንቶ ሦስት ወገን ለየ፦ ጤነኞች፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ ጉድለቱን የወረሱና ኮሌስትሮላቸው መካከለኛ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከሁለቱም የወረሱና ከሁሉም የከፉት። አንድ ዘረ መል ነው ማለት ነው፤ ግን የትኛው? ምን የሚሠራ?

ጎልድስታይን ከጓደኛው ከማይክል ብራውን ጋር ዳላስ፣ ቴክሳስ ላይ ይህን ጥያቄ ያዙ። ሁለቱ የተዋወቁት ቦስተን ውስጥ ሐኪምነት ሲለማመዱ ነው። ኮሌስትሮልን በብዛት የሚያስወግደው አካል ጉበት መሆኑ ቢጠረጠርም፣ ከታመመ ሕፃን ጉበት እየቆረጡ መመራመር አይቻልም። ስለዚህ ከታካሚዎቹ ክንድ ጥቂት ቆዳ ወሰዱና ፋይብሮብላስት የሚባሉትን የቆዳ ሕዋሳት በሳሕን ላይ አሳደጉ። የቆዳ ሕዋስ የልብን በሽታ ይነግረናል ብሎ መነሣት በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ኢንዛይምን ነው። ሕዋስ ኮሌስትሮልን ራሱ መሥራት ይችላል፤ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከእንግዲህ "ኢንዛይሙ" እለዋለሁ። ግምታቸው በታካሚዎቹ ውስጥ ኢንዛይሙ ራሱ ተበላሽቶ አልቆምም ብሏል የሚል ነበር።

ሙከራው እንዲህ ነው። የጤነኛ ሰው ሕዋሳት ኤልዲኤል ባለበት ሴረም፣ ማለትም ከረጋ ደም በሚለየው ፈሳሽ፣ ውስጥ ሲያድጉ ኢንዛይሙ ጸጥ ይላል። ኤልዲኤሉን ከሴረሙ አውጥተው ሲያዩ በሰዓታት ውስጥ ኢንዛይሙ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ከውጭ ካልመጣ እኔው ልሥራ ማለቱ ነው። ኤልዲኤሉን ሲመልሱለት እንደገና ጸጥ ይላል። የታካሚዎቹ ሕዋሳት ግን ኤልዲኤል ኖረም አልኖረ ኢንዛይማቸው ከላይ እንደወጣ ነው፤ ኤልዲኤል ቢያፈሱበትም አይሰማም። እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ግምት የጸና ይመስላል።

ከዚያ የመጣውን እርምጃ ለተማሪዎች ባስረዳሁ ቁጥር እወደዋለሁ። ኮሌስትሮልን ከጥቅሉ አውጥተው በአልኮል አሟሙተው ጨመሩበት። በአልኮል የሟሟ ኮሌስትሮል በር አያስፈልገውም፤ የሕዋሱን ሽፋን ሰርጎ በራሱ ይገባል። ያን ጊዜ የታካሚዎቹም ኢንዛይም እንደ ጤነኛው ቁጭ አለ። ኢንዛይሙ ደህና ነበር፤ የማቆሚያ ምልክቱም ደህና ነበር። የጎደለው ኤልዲኤል ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ወደ ውስጥ የሚያደርስ ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ ኤልዲኤልን ጨረር በሚያመነጭ አዮዲን ምልክት አድርገው ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። በጤነኛው ሕዋስ ገጽ ላይ በጥብቅ ይያዛል፤ ከሁለቱም ወላጅ ጉድለቱን በወረሱት ልጆች ሕዋስ ላይ ግን የሚይዘው የለም። በ1974 የኤልዲኤል ተቀባይ በዚህ መልክ ታወቀ። ቅድም አትርሱት ያልኳችሁን አፖቢ-100 እጁን ዘርግቶ የሚይዘው ይህ ተቀባይ ነው፤ ለበጎ ያልኩት ይህንን ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1985 በሕክምና የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

መያዝ ግን ማስገባት አይደለም። ይህን ያሳወቀው አንድ ልጅ ነው፤ በጽሑፎቹ ላይ በሁለት ፊደል ብቻ የሚጠራ። በደሙ ያለው ኮሌስትሮል እንደ ሌሎቹ ታካሚዎች ሰማይ ነክቷል፤ ሕዋሱ ግን ኤልዲኤልን ይይዛል። ይይዛል፣ አያስገባም። ይህ ለተመራማሪዎቹ እንቆቅልሽ ነበር፤ የተቀባዩን ታሪክ ጨርሰናል ባሉበት ሰዓት ነው የመጣባቸው።

መልሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተገኘ። ባልደረባቸው ሪቻርድ አንደርሰን ኤልዲኤልን ብረት ካለበት ፌሪቲን ጋር አጣብቆ በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ እንዲታይ አደረገው። በጤነኛ ሕዋስ ገጽ ላይ ነጥቦቹ እንዲሁ አልተበተኑም፤ ትናንሽ ስርጉድ ቦታዎች ውስጥ ተሰብስበዋል። ስርጉዶቹ ከሕዋሱ ገጽ 2 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚሸፍኑ ሆነው ከተቀባዮቹ ግን ከግማሽ በላዩን ይዘዋል። ከውስጥ በኩል ክላትሪን በሚባል ፕሮቲን የተለበጡ ናቸው። እንዲህ ያለውን ስርጉድ ቀድሞ ያየው ሌላ ጥናት ነበር፤ በ1964 ቶማስ ሮዝና ኪዝ ፖርተር የወባ ትንኝ ዘመድ በሆነች ትንኝ እንቁላል ላይ፣ የአስኳል ፕሮቲን ሲገባ አይተውታል። ከትንኝ እንቁላል እስከ ልጅ ልብ ድረስ መንገዱ አንድ ነው።

የዚያ ልጅ ሕዋስ ላይ ግን ነጥቦቹ በመላው ገጽ ተበትነዋል፤ ስርጉዶቹ ውስጥ አንድም ተሰብስቦ አይታይም። ተቀባዩ ከሕዋሱ ውጭ ያለው ክፍሉ ደህና ነው፤ ኤልዲኤልን ይይዛል። ወደ ውስጥ የገባችው አጭር ጭራው ግን ስርጉዱን አታውቀውም። ዘረ መሉ ከተነበበ በኋላ ጥፋቱ ተገኘ፦ ከ839 አሚኖ አሲዶች መካከል 807ኛው ላይ ታይሮሲን መሆን ሲገባው ሲስቲን ገብቷል። አንዲት ፊደል። ልጁ ይህን ከአባቱ ወርሷል፤ ከእናቱ የወረሰው ደግሞ ጭራሽ ኤልዲኤልን መያዝ የማይችለውን ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም በኩል የሚሠራ በር አልቀረለትም። ዛሬ ብዙ ሆርሞኖችና ቫይረሶች ጭምር በእነዚህ ስርጉዶች እንደሚገቡ እናውቃለን፤ ተቀባዩ ተሰብስቦ መግባት እንዳለበት በመጀመሪያ በግልጽ ያሳየው ግን የዚያ ልጅ ክንድ ቆዳ ነው።

ስርጉዱ ወደ ውስጥ እየጎደጎደ ሄዶ ይቆረጥና ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ ኤልዲኤሏን ይለቅቃል። ተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ገጽ ይመለሳል፤ ኤልዲኤሏ ደግሞ ላይሶዞም ወደሚባለው የሕዋሱ መፍጫ ክፍል ትሄድና ትፈጫለች። አንድ ዙር 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አንድ ተቀባይ ደግሞ 20 ሰዓት ገደማ ይኖራል። በዚህ ዕድሜው ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው።

የተፈታው ኮሌስትሮል ሕዋሱ ውስጥ ሲበዛ ሦስት ነገር ይሆናል። ኢንዛይሙ ይቆማል። ትርፉ እንደገና ኤስተር ሆኖ ይቀመጣል። ለዛሬው ወሬያችን ዋናው ደግሞ፣ ሕዋሱ አዲስ ተቀባይ መሥራቱን ያቆማል፤ በሩ ይዘጋል። ይህን የሚያዘው ኤስሬብፒ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ኮሌስትሮል ሲያንስ ከታሰረበት ሽፋን ተቆርጦ ወደ ኒውክሊየስ ይሄድና የኢንዛይሙንም የተቀባዩንም ዘረ መል ያነቃል፤ ሲበዛ ባለበት ይቀራል። የዳላሶቹ ሰዎች ከኖቤሉ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በዚህች መቆጣጠሪያ ላይ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛ ኖቤል የሚያሰጥ ሥራ ነበር።

የቆዳ ሕዋስ ይህን ሁሉ ነገረን፤ በሰው ውስጥ ግን አብዛኛው ተቀባይ ያለው ጉበት ላይ ነው። ይህም በ1984 ፒትስበርግ ላይ በማያከራክር መንገድ ታየ። ከሁለቱም ወላጆቿ ጉድለቱን የወረሰች የስድስት ዓመት ልጅ ልቧ ደክሞ ነበርና ልብና ጉበት አብረው ተተከሉላት። ኤልዲኤሏ ከ988 ወደ 184 ወረደ። የተቀየረው ልቧ ኮሌስትሮልን አይቀንስም፤ የቀነሰው አዲሱ ጉበት፣ ይዟቸው ከመጣው ጤነኛ ተቀባዮች ጋር ነው። ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም፤ በር ነው የተተከለላት።

እንግዲህ እስከዚህ የተከታተላችሁኝ አንድ ነገር ሊጎረብጣችሁ ይገባል። እነዚህ ልጆች የኤልዲኤል ተቀባይ የላቸውም ብያለሁ። የደም ቅዳቸው ግድግዳ ተቆርጦ ሲታይ ግን ውስጡ በኮሌስትሮል በተወጠሩ ሕዋሳት የተሞላ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ስር አረፋ ስለሚመስሉ አረፋ ሕዋሳት ይባላሉ። ተቀባይ ከሌለ በየት ገባ?

ብራውንና ጎልድስታይን ይህን ጥያቄ በ1979 ራሳቸው ያዙት። አረፋ ሕዋሳቱ በአብዛኛው ማክሮፋጆች ናቸው፤ ባክቴሪያና የሞተ ሕዋስ የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት። ማክሮፋጅን በሳሕን ላይ አድርገው ጤነኛ ኤልዲኤል ሲሰጡት ብዙም አይነካውም። ኤልዲኤሉን በኬሚካል ቀይረው፣ አሴቲል አጣብቀው ሲሰጡት ግን ያለ ልክ ዋጠው፤ ብዙም ሳይቆይ አረፋ ሆነ። ሌላ ተቀባይ አለ ማለት ነው፤ አሁን ስካቬንጀር ተቀባይ የምንላቸው ቤተሰብ። እነዚህ ተቀባዮች በኮሌስትሮል መብዛት አይቀንሱም። ሁለተኛው በር ይኸው ነው።

ይህን በር መኮነን ይከብደኛል። ማክሮፋጅ የተሠራው ቆሻሻ ለማጽዳት ነው። የሞተ ሕዋስ ሲያገኝ "ጠግቤያለሁ" ብሎ ቢተወው ቁስል አይድንም ነበር። መቁጠር የማይችለው መቁጠር ሥራው ስላልሆነ ነው። ጥያቄው ኤልዲኤል እንዴት ቆሻሻ መስሎ ታየው የሚለው ነው፤ በደማችን ውስጥ አሴቲል የሚያጣብቅ ኬሚስት የለምና።

ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ደም ቅዳው ግድግዳ እንግባ። ብዙ ሰው ቅባቱ ደሙ በሚነካው ገጽ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ኤልዲኤል የውስጠኛውን የሕዋስ ንጣፍ አቋርጦ ከሥሩ ይገባል፤ ያውም በአብዛኛው በሕዋሳቱ መካከል ሾልኮ ሳይሆን ሕዋሳቱ ራሳቸው ከአንዱ ጎን ተቀብለው በሌላው ጎን እያወጡት። በደሙ ውስጥ የኤልዲኤል ብዛት በጨመረ ቁጥር የሚገባው ይጨምራል። የገባው ሁሉ አይቀርም፤ ብዙው ይወጣል። የሚቀረው አፖቢ-100 በግድግዳው ውስጥ ካሉት ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ሞለኪውሎች ጋር ሲጣበቅ ነው፤ ለክፉ ያልኩት ይህንን ነው። ጉበት ላይ ለመያዝ የሚያገለግለው ፕሮቲን እዚህ ወጥመድ ይሆናል። ኬቨን ዊሊያምስና አይራ ታባስ በ1995 የበሽታው መነሻ ይህ መያዝ ነው ብለው ጻፉ፤ ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ ይስማማበታል።

በግድግዳው ውስጥ ተይዛ የቆየች ኤልዲኤል በኢንዛይም ትነካካለች፣ ትጠራቀማለች፣ በኦክስጅን ትጎዳለች። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ይሠራ የነበረው ዳንኤል ስታይንበርግ በ1980ዎቹ በኦክስጅን የተጎዳ ኤልዲኤልን ማክሮፋጅ በስካቬንጀር ተቀባይ እንደሚውጠው አሳየ። ታሪኩ ያኔ እጅግ ያማረ ስለነበረ ብዙ ሰው ቫይታሚን ኢ መዋጥ ጀመረ፤ ኦክስጅኑን ይከላከላል ተብሎ። ትልልቅ ሙከራዎች ተደረጉ፤ ለልብ ምንም አልጠቀመም። ስካቬንጀር ተቀባዮች የሌሏቸው አይጦች ላይ የተገኘው ውጤትም እርስ በርሱ አልተስማማም፤ ማክሮፋጅ ያለ ተቀባይም ቢሆን በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ እየጠጣ ኤልዲኤል እንደሚያስገባ ታይቷል። ስለዚህ ሁለተኛው በር ስል አንድ በር ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ የጋራ ጠባያቸው ግን አንድ ነው፤ ሲጠግቡ አይዘጉም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። አረፋ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቅባታቸው መሐል ላይ ይቋጠራል፤ ሌሎች ማክሮፋጆች ይመጣሉ፤ የጡንቻ ሕዋሳት ደግሞ ከላይ ክዳን ይሠሩበታል። ክዳኑ ወፍራም ከሆነ ሰውየው ሲራመድ ደረቱን ይጫነው ይሆናል እንጂ ብዙ ዓመት ይኖራል። ክዳኑ ቀጭን ሆኖ ከተቀደደ ግን ውስጡ ያለው ከደም ጋር ይገናኛል፤ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ ልብ ላይ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ወደ አንጎል በሚሄደው ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው። ጅማሬው ሩቅ ነው። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልባቸው ሲመረመር፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ሆኖ ሳለ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ደም ቅዳ ላይ በሽታው በዓይን ይታይ ነበር።

አሁን መድኃኒቶቹን እንመልከት፤ የመጀመሪያው በር ታሪክ እዚህ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢንዛይሙን የሚያቆም ነገር ፍለጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችንና ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋንን መረመረ። ከአንድ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ኮምፓክቲን የሚባለውን አገኘ። ስታቲን የሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች ሁሉ አባት ነው፤ ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ብዙ ሰው ስታቲን ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው የጉበትን ምርት ስላቆመ ይመስለዋል። ግማሽ እውነት ነው። ምርቱ ሲቀንስ ጉበት ተራብኩ ይላል፤ ኤስሬብፒ ይነቃል፤ ብዙ የኤልዲኤል ተቀባይ ይሠራል፤ ተቀባዮቹ ኤልዲኤልን ከደም ይለቅማሉ። ኮሌስትሮላችሁን የሚያወርደው በሩ መብዛቱ ነው። ለዚህ ነው ፈጽሞ የሚሠራ ተቀባይ የሌላቸው ልጆች ስታቲን ብዙም የማይጠቅማቸው፤ ደማቸው በማሽን እንዲጣራ ይደረጋል ወይም በሌላ መንገድ የሚሠሩ አዳዲስ መድኃኒቶች ይሰጣቸዋል። በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4444 የልብ ሕሙማንን ተከታትሎ ሲምቫስታቲን ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ ክርክሩም ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ።

አፍሪካን የሚነካ አንድ ምዕራፍም አለ። በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ የኤልዲኤል ተቀባያቸው ደህና ሆኖ ሕመሙ ያለባቸው ቤተሰቦች ላይ ፒሲኤስኬ9 በሚባል ፕሮቲን ውስጥ የውርስ ለውጥ ተገኘ። ይህ ፕሮቲን ተቀባዩን ይይዝና ከከረጢቱ ወደ ገጹ እንዳይመለስ፣ ከኤልዲኤሏ ጋር አብሮ እንዲፈጭ ያደርጋል። የእነዚህ ቤተሰቦች ፕሮቲን ከልክ በላይ የሚሠራ ነበር። ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን፣ እነሱም ዳላስ ላይ፣ ተቃራኒውን ጠየቁ፤ ፕሮቲኑ የማይሠራላቸው ሰዎችስ? ያገኟቸው ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ነው፤ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች። ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፤ የልብ ሕመም አደጋቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ። 28 በመቶ ብቻ ቀንሶ አደጋው ይህን ያህል የወረደው ቅነሳው ከልደት ጀምሮ ስለነበረ ነው። ለእኔ ከሁሉም ቁጥሮች ትልቁ ይህ ነው፤ ደም ቅዳ የሚያስታውሰው የዛሬውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን ድምር ነው። በኋላም አንዲት የዚምባብዌ ወጣት ከሁለቱም ወላጆቿ የማይሠራውን ወርሳ ኤልዲኤሏ 15 ሆኖ ተገኘ፤ ጤነኛ ናት። ይህን ፕሮቲን የሚያግዱ መርፌዎች ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ገና አልቀመስ ያለ ነው። ስታቲን ደግሞ ርካሽ ሆኗል፤ መጀመር ያለብን ከእሱ ነው።

ስለ ቅቤ ቃል ገብቻለሁ። ጠጣር ቅባት፣ ማለትም ቅቤና የሰባ ሥጋ ውስጥ የሚበዛው ዓይነት፣ ዋና ጥፋቱ የጉበትን የኤልዲኤል ተቀባይ መቀነሱ ነው። በጾም ወራት ከእንስሳት ተዋፅኦ መራቅ በዚህ በኩል በሩን ይከፍታል። ግን ሽሮው የሚሠራበትን ዘይት ተመልከቱ። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ያው ጠጣር ቅባት ነው። ኮሌስትሮል የለውም ተብሎ ማስታወቂያ ቢነገርለት ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ በተክል ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከቁጥር የማይገባ ነውና። ጉበት የሚያየው ግን ቅባቱን ነው። ጾሙን በዚያ ዘይት ጠብሶ የጨረሰ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱ እንዳሰበው ባይቀንስ መገረም የለበትም። ፈሳሽ ሆኖ የሚቀር የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል።

ቤተሰባዊው ሕመም ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ብርቅ አይደለም፤ በብዙ አገሮች ከ250 ሰዎች አንዱ ገደማ ይይዘዋል። እብጠቱ ላይኖር ይችላል፤ ቀጭንም ስፖርተኛም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ኤልዲኤል ከ190 በላይ መሆኑና በቤተሰብ ውስጥ ወንድ ከ55፣ ሴት ከ60 ዓመት በፊት በልብ መታመሟ ነው። አባታችሁ በአርባዎቹ ውስጥ "ደረቴን" ብሎ ድንገት ከወደቀ፣ "ቀኑ ደርሶ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ እናንተም ልጆቻችሁም ተመርመሩ። ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ግማሽ ያህል በሩ ይሠራል፤ ስታቲንም ያንኑ ግማሽ ያበዛለታል።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ነው፤ "ቁጥሩ ወርዷልና መድኃኒቱን ላቁም?" ቅድም ያልኩትን መቆጣጠሪያ አስታውሱ። ስታቲኑ ሲቆም ኢንዛይሙ ወዲያው ይነሣል፤ ጉበት እንደገና ይጠግባል፤ ኤስሬብፒ ይታሰራል፤ ተቀባዩ ይቀንሳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤልዲኤላችሁ ከጀመረበት ይደርሳል። ቁጥሩ የወረደው ድናችሁ ሳይሆን መድኃኒቱ በሩን ከፍቶ ስለያዘው ነው። ጡንቻ የሚያምማችሁ ከሆነ ወይም ሌላ የሚከብዳችሁ ነገር ካለ ሐኪማችሁ መጠኑን ይቀንሳል፣ ዓይነቱን ይቀይራል፤ ብዙ ዓይነት ስታቲን አለ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቁሙ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።